አኩሪ አተርን የረሃብ እህል ያደረገው ማን ነው?

ከኤግሊንተን ዌስት፣ ቶሮንቶ

በአገራችን ጉዳይ ላይ በየቀኑ እንጽፋለን፣ እንከራከራለን፣ ሲብስም እንኳረፋለን። ወደ አፋችን ስለምናስገባው ነገር ግን ተቀምጠን ተነጋግረን አናውቅም። ስለዚህ ዛሬ አንባብያንን ይቅርታ ጠይቀን ከጦርነቱና ከፖለቲካው ወሬ ጥቂት ፈቀቅ እንበልና ስለ አንድ እህል እንነጋገር። እህሉ አኩሪ አተር ነው።

"ወገን እያለቀ እናንተ ስለ አተር ታወራላችሁ ወይ?" የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጥያቄውን አንንቀውም። ነገር ግን ወገን የሚያልቀው በጥይት ብቻ አይደለም። እኛ በምንኖርበት አካባቢ እድራችን አስከሬን አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ ያሰባሰበላቸውን ወገኖች መለስ ብለን ስናስብ በጥይት የሞተ አንድም የለም። አንዱ የታክሲውን መሪ እንደጨበጠ ልቡ ቆመ። አንዷ የሌሊት ሥራዋን ጨርሳ አውቶቡስ ስትጠብቅ ደም ግፊት ጣላት። ሌላው ስኳር ኩላሊቱን ጨርሶበት በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ ሲተኛ ቆይቶ አረፈ። ሦስቱም ስልሳ ዓመት አልሞላቸውም። በረሃውን፣ ባሕሩንና እስር ቤቱን አምልጠው የመጡ ሰዎች ነበሩ። ምግባቸው ብቻ ገደላቸው አንልም። ጭንቀቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ቁጭ ብሎ መዋሉ ሁሉ አለበት። ሳህኑም ግን አለበት።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንዲት ትንሽ አጋጣሚ ናት። ኤግሊንተን ዌስትን ለማያውቅ አንባቢ እንግለጽለት። ከቶሮንቶ መሐል ከተማ ወደ ሰሜን ምዕራብ ገባ ያለ ረጅም መንገድ ነው። "ትንሿ ጃማይካ" የሚል ስም ያገኘው ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት የካሪቢያን ስደተኞች ፀጉር ቤት፣ የሬጌ ሙዚቃ መሸጫና ምግብ ቤት ከፍተው ስላቀኑት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው የቀላል ባቡር ግንባታ ከአሥር ዓመት በላይ ሲጓተት መንገዱ ተቆፍሮ፣ ደንበኛ ርቆ፣ ብዙዎቹ ሱቆች ተዘጉ። ከተረፉት መካከል ራስ ተፈሪያን የሚያዘጋጁትን፣ እነሱ "አይታል" የሚሉትን ሥጋ የሌለበት ምግብ የሚሸጡ ይገኙበታል። እኛም ሐበሾቹ፣ ምንም እንኳ ሬስቶራንቶቻችን በብዛት ያሉት በዳንፎርዝ በኩል ቢሆን፣ በዚህ ሰፈር ኪራይ ረከስ ባለበት ዘመን ገብተን ቀርተናል።

አንድ የሁዳዴ ረቡዕ ከሥራ ስንወጣ ሦስት ሆነን ከእነዚህ ቤቶች ወደ አንዱ ገባን። ፀጉራቸው ሽበት የቀላቀለ አንድ ጃማይካዊ አዛውንት ቀይ ወጥ የመሰለ ነገር በሳህን አቀረቡልን። "አባታችን፣ እኛ ጾመኞች ነን፣ ሥጋ አንበላም" አልናቸው። ሳቁብን። "ልጆቼ፣ ከጃንሆይ አገር መጥታችሁ ይህንን አታውቁም? ሥጋ አይደለም፤ ሶያ ነው" አሉን። ቀመስነው። ጣፈጠን። ወዲያው ከመካከላችን አንዱ ማንኪያውን አስቀመጠና "እንዴ! ይኼማ ፋፋ ነው፤ የዕርዳታ እህል!" አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ቶሎ ደረቀ። አዛውንቱ እንደ ክብር የሚያዩትን እህል እኛ እንደ ውርደት ቆጠርነው። ለምን?

ፋፋ ምርቃት ነበር

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። "ፋፋ" የሚለው ቃል በቋንቋችን አማረበት፣ ወዛ፣ ሥጋ ለበሰ ማለት ነው። እናት ለልጇ የምትመኘው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመው፣ በኋላም የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው ድርጅት፣ ጡት ለሚጥሉ ሕፃናት የሚሆን ዱቄት ሲያዘጋጅ ይህንን ውብ ስም ሰጠው። እስከ ዛሬ የሚታወቀው የፋፋ ዱቄት ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ሽምብራና የወተት ዱቄት ተደባልቀው ቫይታሚንና ማዕድን ተጨምሮበት የሚዘጋጅ ነው። ሐሳቡ ቀላልና ብልህ ነበር። ስንዴው የጎደለውን የፕሮቲን ዓይነት አኩሪ አተሩና ሽምብራው ይሞሉታል፤ ልጁ ወተትና ሥጋ በበቂ ባያገኝም ያድጋል።

ከዚያ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሰባ ሰባቱ ረሃብ መጣ። አሜሪካኖች ለዕርዳታ የሚልኩት የበቆሎና የአኩሪ አተር ድብልቅ ዱቄት በከረጢት ተጭኖ ገባ። ከመካከላችን አንዱ፣ ያ ማንኪያውን ያስቀመጠው ወንድማችን፣ በስድስት ዓመቱ ኮረም መጠለያ ውስጥ ተሰልፎ የዕርዳታ ገንፎ እየተቀበለ የተረፈ ሰው ነው። ታናሽ እህቱ አልተረፈችም። የሶያ ሽታ ለእሱ የዚያ ሰልፍ ሽታ ነው። እሱን ልንፈርድበት አንችልም። ሕዝባችን ይህንን እህል ያወቀው በድንኳን ውስጥ፣ በባዕድ ፊደል በተጻፈበት ከረጢት፣ ሞት በር ላይ ቆሞ ነው። በሰላም ቀን፣ በደህና ጊዜ፣ "ይህ እህል ለጤና ይበጃል፣ ዝራው፣ ብላው፣ ለልጅህ ስጠው" ብሎ በወጉ ያስተማረው መንግሥት አልነበረም። ሠርቶ ማሳያ የለም ማለታችን አይደለም። የፓዌ፣ የጅማና የሐዋሳ የምርምር ማዕከላት ባለሙያዎች ለዓመታት ዝርያ ሲያወጡ ኖረዋል። የእነሱ ሥራ ግን ከማሳ አልፎ ወደ ማጀት አልገባም።

ስለዚህ በርዕሱ ላይ ለጠየቅነው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። አኩሪ አተርን የረሃብ እህል ያደረገው ረሃቡ ራሱ አይደለም። ሕዝብ ሲራብ ብቻ እህል የሚያስታውሱ ገዢዎች ናቸው። በላዩ ላይ ደግሞ የእኛ የራሳችን ኩራት ተጨመረበት።

እህሉ ምን ይዟል?

ከስሜቱ ወጥተን ወደ ቁጥሩ እንግባ። መቶ ግራም ደረቅ አኩሪ አተር 36 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ምስር 25፣ ሽምብራ 20 ግራም አካባቢ ነው ያላቸው። ከዚህም በላይ የአኩሪ አተር ፕሮቲን ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸውን አሚኖ አሲዶች በሙሉ በደህና መጠን የያዘ በመሆኑ ከእህል ወገን ለሥጋና ለእንቁላል የሚቀርብ ነው። አንድ አምስተኛው ዘይት ሲሆን አብዛኛው ዘይቱ የደም ሥር ከሚደፍነው ዓይነት አይደለም። ብረትና አሰርም አለው። ኮሌስትሮል የለውም፤ ኮሌስትሮል የሚገኘው ከእንስሳት በሚመጣ ምግብ ብቻ ነውና።

ስለ ልብ ሕመም የተባለውን በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ማጋነን አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ1999 በቀን 25 ግራም የአኩሪ አተር ፕሮቲን፣ የረጋ ቅባቱ ካነሰ አመጋገብ ጋር ከሆነ፣ የልብ ሕመምን አደጋ ሊቀንስ ይችላል ተብሎ በማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ ፈቀደ። በ2017 ደግሞ ያው መሥሪያ ቤት "ማስረጃው እንዳሰብነው አልጠነከረም" በማለት ፈቃዱን ለማንሳት ሐሳብ አቀረበ። የካናዳ ጤና ጥበቃ በበኩሉ በ2015 የአኩሪ አተር ፕሮቲን ኮሌስትሮልን ይቀንሳል የሚለውን ጽሑፍ ፈቅዷል። እዚሁ ቶሮንቶ ያሉ ተመራማሪዎች አሜሪካኖቹ የተጠራጠሩባቸውን ጥናቶች ሰብስበው እንደገና ሲመረምሩና በ2019 ሲያሳትሙ፣ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል በአማካይ 3 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አገኙ።

ሦስት በመቶ! አንዳንዱ ይስቅ ይሆናል። እውነቱ ግን ይኸው ነው፤ አኩሪ አተር ብቻውን ተአምር አይሠራም። ይህንን ደብቆ "አንድ ብርጭቆ የሶያ ወተት ጠጡ፣ ትድናላችሁ" የሚላችሁ ሰው ሸቀጥ የሚሸጥ ነው። እኛ የምንለው ሌላ ነው። ዋናው ትርፍ የሚገኘው አኩሪ አተሩ ሲገባ ከሳህኑ ላይ በሚወጣው ነገር ነው። በሳምንት አራት ቀን ቅባቱ የተንጠባጠበ ጥብስ የሚበላ ሰው ሁለቱን ቀን በአኩሪ አተር ቢተካ፣ ሦስት በመቶው ላይ የቀነሰው ቅባት ይጨመርለታል።

ደጃፋችን ላይ የተገኘው ትምህርት

በዚህ ከተማ ስንኖር የማናውቀው አንድ ነገር አለ። ለስኳር ሕመምተኛ ሁሉ የሚነገረው፣ የትኛው ምግብ የደም ስኳርን ቶሎ ከፍ ያደርጋል፣ የትኛውስ ቀስ ብሎ የሚለው መለኪያ የተፈለሰፈው እዚሁ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዶክተር ዴቪድ ጄንኪንስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት ነው። በዚህ መለኪያ ምስርና አኩሪ አተር ዝቅተኛው ላይ፣ ነጭ ዳቦ ከፍተኛው ላይ ተቀምጠዋል።

እኚሁ ሰው በ2003 ሌላ ሙከራ አሳተሙ። ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ 46 ሰዎችን በሦስት ቡድን ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ቅባቱ ያነሰ ምግብ ብቻ በላ። ሁለተኛው ያንኑ ምግብ እየበላ ስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል ክኒን ወሰደ። ሦስተኛው ክኒን ሳይወስድ አራት ዓይነት ነገሮችን አጣምሮ በላ፤ የአኩሪ አተር ፕሮቲን፣ እንደ አጃ፣ ገብስ፣ ባምያና ደበርጃን ያሉ ዝልግልግ አሰር ያላቸው ምግቦች፣ አልመንድ የሚባለው ለውዝ፣ እንዲሁም ከተክል የወጣ ስቴሮል የተጨመረበት ማርጋሪን። ከአንድ ወር በኋላ መጥፎው ኮሌስትሮል በመጀመሪያው ቡድን 8 በመቶ፣ ክኒን በወሰደው 30.9 በመቶ፣ በምግቡ ብቻ ደግሞ 28.6 በመቶ ቀነሰ። ምግብ ከክኒን ጋር ተቀራረበ ማለት ነው። በ2011 ይኸው በአራት የካናዳ ከተሞች፣ ሰዎች በየቤታቸው ራሳቸው እያበሰሉ ለስድስት ወር ሲሞከር ውጤቱ ወደ 13 በመቶ ግድም ዝቅ አለ። ለምን ቢባል ሰው በቤቱ ሁሉንም አይጠብቅም። ቢሆንም ጥቂት አይደለም።

አንባቢ ልብ ይበል። ገብስ፣ አጃ፣ ባምያ፣ ደበርጃን፣ የጥራጥሬ ፕሮቲን! የኛን ማጀት አይተው የጻፉት አይመስልም? በሶ የጠጣ፣ የገብስ ቆሎ የቆረጠመ፣ ሽሮ የበላ ሕዝብ ከዚህ ምግብ የሚርቀው በጥቂት እርምጃ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለካ ለዚህ ነው።

የጾም ሳህናችን ምን ሆነ?

"እኛ ጾመኞች ነን፤ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ አትክልትና ጥራጥሬ እንበላለን፤ ምን ቸገረን?" የሚል ሙግት እንሰማለን። እውነት ነው፣ ሁዳዴው 55 ቀን፣ ፍልሰታው 15 ቀን፣ ነቢያቱና ሐዋርያቱ፣ ረቡዕና ዓርቡ ሲደመር ምእመን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ከሥጋና ከወተት ይርቃል። አባቶቻችን ያወረሱን ይህ ሥርዓት ለነፍስ የተሠራ ቢሆንም ለሥጋም የሚበጅ ነበር።

ነገር ግን በስደት አገር የጾም ሳህናችንን እንየው። ሽሮው በዘይት ይዋኛል። ቀይ ሥሩና ድንቹ በዘይት ተቁለጭልጮ ይመጣል። እንጀራው ከጤፍ ይልቅ በብዛት ነጭ ዱቄት ሆኗል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመው ሰው መንገድ ላይ ያገኘው የተጠበሰ ድንችና ሊጥ ነው፤ "የጾም ነው" ይለዋል። ቡናው ላይ አራት ማንኪያ ስኳር ይጨመራል። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ የሁለት ወሩን ሥጋ በአንድ ሳምንት እንከፍለዋለን። ጾሙን አፍርሰናል አንልም፤ ያንን መናገር የካህናት ድርሻ ነው። የጾሙን ጤና ግን አፍርሰነዋል።

አኩሪ አተር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በጾም ወራት "ጉልበት ከዳኝ" የሚል ሠራተኛ፣ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚቆም ወንድም፣ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ የምታነሳ እህት፣ ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። ዘይትና ዳቦ ጉልበት አይሆኑም። አንድ ብርጭቆ የአኩሪ አተር ወተት 7 ግራም፣ መቶ ሃምሳ ግራም ጠንከር ያለ ቶፉ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። የተባለው 25 ግራም በሁለቱ ሞላ ማለት ነው።

አሠራሩንም እንንገራችሁ፤ እኛ ሞክረነዋል። ቶፉውን በእጅ ፈርፍሮ፣ በትንሽ ዘይት በቁሌት ላይ ቲማቲም፣ እርድና ቃሪያ ጨምሮ ማብሰል ነው፤ ጾመኛ የእንቁላል ፍርፍር ይሆናል። ቆራርጦ ውሃውን ጨምቆ በአዋዜ ቢጠብሱት ልጆች ይሻሙበታል። ደረቁን የሶያ ቁርጥራጭ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ፣ በቀይ ወጥ ቁሌት መሥራት ይቻላል፤ ጃማይካዊው አዛውንት ያቀረቡልን ይህንን ነበር። ለሽሮ ደግሞ ለአራት እጅ አተር ወይም ሽምብራ አንድ እጅ አኩሪ አተር በቂ ነው። የባቄላ ዓይነት ጠረኑን ለማጥፋት መጀመሪያ በፈላ ውሃ ገንፈል አድርጎ ማድረቅ፣ ከዚያ በደንብ ቆልቶ መከካት፣ ከሌላው ጋር መፈጨት ነው። ከገብስ ቆሎ ጋር ቢደባለቅም ይጥማል።

የሚወራውና እውነቱ

ስለዚህ እህል የሚወሩ ነገሮች አሉ፤ ሳንመልስ ማለፍ አይገባንም።

"ወንድን ሴት ያደርጋል" ይባላል። መነሻው በእህሉ ውስጥ አይሶፍላቮን የሚባል፣ የሴትን ሆርሞን በቅርጽ የሚመስል ንጥረ ነገር መኖሩ ነው። መምሰል ግን መሆን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ ብዙ ሙከራዎችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ አኩሪ አተር በወንዶች ሆርሞን ላይ ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል። ቻይናና ጃፓን ይህንን እየበሉ ሕዝባቸው መብዛቱንም ልብ ማለት ነው።

"የጡት ካንሰር ያመጣል" ይባላል። በቻይና ሻንጋይ የጡት ካንሰር ታመው የታከሙ ከ5,000 በላይ ሴቶችን የተከታተለና በ2009 የታተመ ጥናት ያገኘው ተቃራኒውን ነው። አኩሪ አተር በብዛት ከሚመገቡት መካከል በሽታው የተመለሰባቸውና የሞቱት ያነሱ ነበሩ። ይህ የተለመደውን ምግብ የሚመለከት ነው፤ በክኒን መልክ ተጨምቆ የሚሸጠውን ግን ሐኪም ሳያማክሩ መውሰድ አይገባም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ነው። አንደኛ፣ ጥሬው አይበላም። ሆድ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር ስላለው በደንብ መብሰል ወይም መቆላት አለበት። ሁለተኛ፣ የእንቅርት ወይም የታይሮይድ ክኒን የሚወስድ ሰው ክኒኑንና አኩሪ አተሩን ለሰዓታት ማራራቅ አለበት፤ ስንት ሰዓት የሚለውን ሐኪሙን ይጠይቅ። አዮዲን በጎደለበት አካባቢ ደግሞ አዮዲን ያለው ጨው የግድ ነው። ሦስተኛ፣ አለርጂ ያለበት ሰው ጨርሶ አይንካው። አራተኛ፣ የሶያ ወተት ተብሎ በስኳር የታጨቀውን ትቶ ስኳር ያልገባበትን፣ ካልሲየምና ቫይታሚን የተጨመረበትን መምረጥ ያሻል። ለሕፃን ግን የጡት ወተት ምትክ አይሆንም። አምስተኛ፣ የሶያ ሶስ የሚባለው ጥቁር ፈሳሽ ጨው ነው፤ ደም ግፊት ያለበት ይራቀው። ከሁሉም በላይ፣ ይህንን አንብቦ ሐኪም ያዘዘለትን ክኒን የሚጥል ሰው ቢኖር አጥፊዎቹ እኛ እንዳንሆን አደራ እንላለን።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው

አሁን ወደ አገር ቤት እንሻገር፤ ነገሩ የሚያንገበግበው እዚያ ነውና።

ከቶሮንቶ ወደ ዊንዘር በ401 አውራ ጎዳና የሚነዱ የጭነት መኪና ሾፌሮች በመካከላችን አሉ። በክረምት ግራና ቀኝ የሚያዩት አረንጓዴ ማሳ በቆሎና አኩሪ አተር ነው። ኦንታሪዮ በካናዳ ብዙ አኩሪ አተር የሚመረትባት ክፍለ ሀገር ናት። ገበሬው ይዘራል፣ ፋብሪካው ይጨምቃል፣ ከፊሉ ለጃፓን ቶፉ ይሆናል፣ ሁሉም ይጠቀማል።

በኛስ አገር? አኩሪ አተር በመተከል፣ በፓዌ፣ በጃዊ፣ በጅማና በኢሉባቦር ይበቅላል። መሬቱን የሚያደክም ሳይሆን ከአየር ናይትሮጅን ስቦ ለመሬቱ የሚመልስ ሰብል ነው። ገበሬው በ2023 ማዳበሪያ አጥቶ ሰልፍ የወጣበት አገር ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከምርቱ ብዙው ግን ለውጭ ምንዛሪ ተብሎ በጥሬው ይወጣል። በምትኩ አገሪቱ የፓልም ዘይት ከውጭ ትገዛለች። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የረጋ ቅባት ነው፤ የአኩሪ አተር ዘይት ግን ከስድስት እጅ አንድ እጅ ገደማ ብቻ። ጥሩውን ሸጠን መጥፎውን እንገዛለን ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ ነበሩ። በ2016ቱ ጥናት የአማራ ክልል 46 በመቶ ሆኖ ከክልሎች ሁሉ የከፋው ነበር። ይህ ማለት በዚያ ክልል ከሁለት ልጅ አንዱ ለጥቂት ነው የዳነው። መቀንጨር ቁመት ማጠር ብቻ አይደለም፤ አእምሮም በሚያድግበት ዕድሜ የሚደርስ ጉዳት ነው፣ ጊዜው ካለፈ አይመለስም። መንግሥት በ2015 "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" ብሎ እስከ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን የምግብ እጥረት አጠፋለሁ ብሎ ማለ። ከዚያ ወዲህ በሰሜን ጦርነት ተከፈተ። በመተከል በታኅሣሥ 2020 በቡለን ወረዳ በኩጂ ከ200 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተጨፈጨፉ፤ አኩሪ አተር የሚዘራው ገበሬ ማሳውን ጥሎ ተፈናቀለ። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የአማራ ክልል ራሱ የጦር ሜዳ ሆነ። በዚያው ዓመት የዕርዳታ እህል በሰፊው መዘረፉ ተደርሶበት ለጋሾች ለወራት ዕርዳታቸውን አቋረጡ። ቃል ኪዳኑን በየትኛው ማሳ፣ በየትኛው ጎተራ ሊፈጽሙት ነው? የሚፈናቀል ገበሬ ዘር አይመርጥም። የዕርዳታ ገንፎ የሚሰርቅ ሥርዓት ልጅ አያፋፋም።

እንግዲህ "ወገን እያለቀ ስለ አተር ታወራላችሁ?" ላለን ወገን መልሳችን እዚህ ላይ ይሞላል። የምናወራው ያው ስለ ወገን ማለቅ ነው።

ምን ይደረግ?

ገዢዎቹን ከመለመን በፊት በእጃችን ካለው እንጀምር። የሬስቶራንት ባለቤቶች ወገኖቻችን በያይነቱ ላይ አንድ ጥግ ለአኩሪ አተር ቢሰጡ ምን ይጎዳቸዋል? ዘይቱንም ቀነስ ቢያደርጉት ትርፉ የእነሱ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ከቅዳሴ በኋላ ማዕድ የምታዘጋጁ እናቶችና እህቶች፣ በረመዳን ማፍጠሪያ የምታዘጋጁም፣ ሕዝቡን የምታበሉት እናንተ ናችሁና አንድ ድስት ሞክሩ። እድሮቻችን ለሬሳ መላኪያ ብቻ መሰብሰባቸው ይብቃ፤ በዓመት ሁለት ቀን አባላቱን ሰብስበው ደም ግፊትና ስኳር ቢያስለኩ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ ከኛው መካከል ጠርተው ቢያናግሩ ከአንድ አስከሬን መላኪያ ያነሰ ወጪ ነው። ባለሙያዎቻችንም በእንግሊዝኛ የሚያውቁትን በአማርኛ ይጻፉልን።

አገር ቤት ላሉትም የምንለው አለን። ለተማሪዎች ምገባ የሚውለው ገንዘብ አገር ውስጥ ከበቀለ አኩሪ አተር የተሠራ ዱቄትና ወተት ቢገዛበት፣ ገበሬው ገበያ፣ ፋብሪካው ሥራ፣ ልጁ ፕሮቲን ያገኛል። ጥሬውን ከመጫን በፊት ጨምቆ ዘይቱን ለሕዝቡ፣ ፋጉሎውን ለከብቱና ለዶሮው ማዋል ይቻላል። ይህንን ለማድረግ ግን አስቀድሞ ገበሬው በማሳው ላይ በሰላም ውሎ ማደር አለበት። ያለ ሰላም የተዘራ ቃል ኪዳን አይበቅልም።

ያ ኮረም ያደገው ወንድማችን ከዚያ ረቡዕ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ዝም አለን። አንድ ዓርብ ማታ ግን ቤቱ ጠራን። ባለቤቱ ቁርጥራጭ ሶያውን በቀይ ወጥ ሠርታዋለች። ልጆቹ፣ እዚህ የተወለዱት፣ አባታቸው ለምን ሳህኑን ረዘም ላለ ጊዜ እንደተመለከተው አላወቁም። ቆርሶ አጎረሳቸው። ከዚያም "እህሉ ምን አጠፋ? ያጠፉት እኮ ሰዎቹ ናቸው" አለና መብላት ጀመረ።

እኛም ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ የለንም። እህሉ አላጠፋም።

ልጆቻችንን የሚያፋፋ ዘመን ያምጣልን። ቸር ይግጠመን።